የእታገኝን ስለት በእግሬ

ሚያዝያ 23 ቀን 1958፣ ሀገረ ሕይወት
ከፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ወጥቼ ጫማዬን አስጠገንኩ። የሃያ ቀን ፈቃድ ተፈርሞልኛል። ተመስገን።

ጓዜን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ካፖርት፣ ጋቢ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ባትሪ፣ ዳዊት፣ በሶ፣ ኩባያ... ጃንጥላው። ተስቦ ይዞኝ ስቃትት እታገኝ የተሳለችው ነው። «ባሌን ማርልኝ እንጂ ጃንጥላ ይዤ ደብረ ሊባኖስ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ።» እኔ ዳንኩ። እሷ ጃንጥላውን ገዛች፣ መንገዱን ሳትጀምር ሞተች። ሦስት ዓመት እንደታሰረ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ምን ስጠብቅ ነበር?

ሚያዝያ 27
ጎረቤቴ ኦቦ ሙለታ መጣ። መንገዱን ሁለቴ ሄዶበታል። ከረጢቴን ብድግ አድርጎ ሳቀ።

«ኦቦ ደግፌ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው?»

አንድ በአንድ አወጣው። ሁለተኛውን ሸሚዝ። ባትሪውን። ካፖርቱን በሁለት እጁ መዘነና፣ «ዺሳ! ይተዉት ይሄን። ሆለታ ሳይደርሱ ይጋልብዎታል» አለ።

«ቢዘንብስ?»

«ጃንጥላ ይዘው የለ?»

የስለት ጃንጥላ ደጁ ሳይደርስ እንደማይዘረጋ ጠፍቶት ነው? ወይስ እየቀለደ? ብቻ ካፖርቱን ተውኩት። ጉልበቴን አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ 30
ጎረቤቱን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ከረጢቱ ቀሏል። ለግንቦት 12፣ ለተክለ ሃይማኖት በዓል እደርሳለሁ።

ግንቦት 2፣ ኦሎንኮሚ
ጊንጪ ላይ ዝናብ ወረደብኝ። ጃንጥላውን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ እኔ እየበሰበስኩ... ቆሎ የምትሸጥ ሴት፣ ወርቂቱ ትባላለች፣ አየችኝ።

«አባባ፣ ጃንጥላዎ ታሟል እንዴ?»

«የስለት ነው።»

ሳቋ ጠፋ። ጎትታ ከጣሪያዋ ሥር አስገባችኝ። «ኸረ እርስዎን ቀብረን ጃንጥላውን እንዳናደርስ!» ብላ የጭነት መኪና አስቆመችልኝ። ተሳፈርኩ። በርዶኝ ነው... በርዶኝ ብቻ? እዚህ ስደርስ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። «ወራጅ!» አልኩ።

ግንቦት 3፣ ጊንጪ
ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ተጓዝኩ። ወርቂቱ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ረስተው ነው?»

«መንገዱን።»

ቀኑን ቆጠርኩ። ለበዓሉ አልደርስም። ከመኪናው ከወረድኩበት ዝም ብዬ ብቀጥል ኖሮ እደርስ ነበር። ታዲያ ለማን ነው የወጣሁት? በዓል ለማየት ነው ወይስ እሷ ያለችውን ለመፈጸም? መልሱን አውቀዋለሁ። ነገ በጠዋት እነሳለሁ።

ግንቦት 9፣ ሱሉልታ
ጉልበቴ አብጧል። ትከሻዬ ግን ምንም አላለኝም። ሙለታን መረቅሁት።

ግንቦት 13፣ ደብረ ሊባኖስ
ደረስኩ። በዓሉ ትናንት አልፏል፤ ግቢውን ይጠርጋሉ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀበሉኝ።

«ምነው ልጄ፣ ትናንት ብትመጣ ለታቦቱ ይሆን ነበር።»

«በእግር ነው አባቴ።»

«እንግዲያ አልዘገየህም። ስመ ክርስትና?»

«ወለተ ሚካኤል።»

የኔን አልጨመርኩም። እሳቸው ጃንጥላውን ዘረጉት። ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ። ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር አላየሁትም ነበር። እሷ ገበያ ቆማ፣ ይሄኛው ይሁን ብላ የመረጠችው... አለቀስኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ።

ነገ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። በእግሬ እመጣለሁ እንጂ በእግሬ እመለሳለሁ አላለችም።