አባዬ፣ ጨጓራ ነው ያልንህ ውሸት ነበር

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። የላፍቶው መንገድ ተቆፍሮ ታክሲው እስከ ሰፈራችን መምጣት ስለተወ፣ እየተነጫነጨች በእግሯ ትመላለሳለች። የሥራ ቆብህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም ደፍሮ አላነሳውም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ልናዘዝልህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ስለ ህዋስ አስተማርኩ። በየህዋሱ ውስጥ መልእክት አቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። ከውጭ የመጣውን ትእዛዝ ተቀብለው ወደ ውስጥ ያደርሳሉ፤ እደግ፣ ተከፈል፣ ቅርጽህን ለውጥ፣ በቃ አቁም ይላሉ። ልጆቹ ግራ ሲገባቸው ያንተን ሥራ አነሳሁላቸው። ፎርማን ከመሐንዲሱ የሰማውን ለግንበኞቹ ያስተላልፋል። ፎርማኑ መሐንዲሱ ሳያዘው ዝም ብሎ ጨምር፣ ጨምር እያለ ቢጮህ ግን ግንቡ ከልክ ያልፋል፣ ቅርጹ ይጠፋል፣ የጎረቤት ግቢ ይገባል። ካንሰርም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል አልኳቸው። ሁሉም ገባቸው። እኔ ግን እንባዬ ስለመጣ ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ለሌላ ሰው ልጆች ያስረዳሁትን ላንተ ነፍጌህ ነበራ! ዕድሜህን ሙሉ ፎርማን የነበርክ ሰው፣ ከማንም ቀድሞ ይገባህ ነበር።

የምርመራ ወረቀትህን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ካንሰር ይል ነበር። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ከብስራተ ገብርኤል መጥቶ ሆስፒታሉ በር ላይ አስማለኝ። ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፣ ልቡ ይሰበራል አለኝ። እኔም ጨጓራ ነው አልኩህ። አመንከኝ፣ አስተማሪ ልጅህ ነኛ! በርበሬ እርም ብለህ እስከ መጨረሻህ አልጫ በላህ። ለፋሲካ በዶሮ ወጡ እንደምትበቀለን ስትዝትብን አብረንህ ሳቅን። እንዴት አስችሎኝ እንደሳቅሁ እንጃ።

አሁን ደግሞ ተራው የእማዬ ሆነ። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ውጤት ማክሰኞ ደረሰ፤ ያው ካንሰር ነው። ጋሼ ሊያስምለኝ ደወለ። እንቢ አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ላይ ስልክ ዘጋሁ።

ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ያመኛል ወይ፣ ስንት ጊዜ ይቀረኛል ብላ ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያው የማውቀውን መለስኩላት። ለሁለተኛው አላውቅም አልኳት፤ ሐኪሞቹ ግን በጊዜ ተደርሶበታል ብለዋል። አልቅሰን ሲወጣልን ሕክምና የምትጀምርበትን ቀን ራሷ መረጠች። ከዚያ በፊት መካኒሳ ወርዳ አቦን ልትሳለም ነው።

አባዬ፣ አንተም እኮ የምትጠይቀው ነበረህ። እንዳትጠይቅ ያደረግሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፣ ያደረግሁብህንም አልረሳም። ሰው ሁሉ ሳይሰናበተን ሄደ ይልሃል። መሄድህን አልነገርንህማ።

ልጅህ