የጽጌሬዳ ሚዛን

ሐረር፣ ፈላና በር
ሰኔ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለምወድዎ እናቴ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። የድሬዳዋ ሙቀት በረታብዎ ወይ? እግርዎስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ይህች ወረቀት ሦስት ቀን ፈጀች።

የቅዱስ አንጦንዮስን ስእለት ዘንድሮ ምን አደረግሽው ብለው ጠይቀውኛል። ጽጌሬዳ ጨቅላ ሳለች ጡት እምቢ ስትል የተሳሉት እርስዎ ነዎትና መጠየቅ ይገባዎታል። ስምንት ዓመት ሞልቷት የመጀመሪያ ቁርባኗን እስክትቀበል ድረስ በየዓመቱ ክብደቷን ያህል ዳቦ ለድሆች፣ እስከ ኮረብታው የካቶሊክ ቤተ ጸሎት ያለው መንገድም በእግር ብለው ነበር። ዘንድሮ የመጨረሻው ነበረ። እሷ ግን ከጥር ጀምሮ አፈር ውስጥ ናት።

ቢሆንም ጋገርኩ። ዳቦውን ይዤ ሸዋ በር ወደ ቡና ነጋዴው ወደ ኢብራሂም ሄድኩ። በየዓመቱ በእሱ ሚዛን ልጅቷን በአንድ ወገን፣ ዳቦውን በሌላው አድርገን እንደምንመዝን ያውቃሉ። “የጽጌሬዳ እናት” ብሎ ጠራኝ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም። ዳቦውን አየና “በወዲያኛው ምን ላስቀምጥልሽ?” አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ የመደብሩን በር ገፋ አድርጎ፣ በየዓመቱ ዳቦው ስንት እንደ ሆነ ከበሩ ጀርባ በከሰል የጫረውን አሳየኝ።

እማዬ፣ ቆጠርኩት። በስድስት ዓመቷ አሥራ ዘጠኝ። አምና፣ በሰባት ዓመቷ፣ አሥራ ሰባት።

ለሁላችሁም የገደላት ድንገተኛ በሽታ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። አምና ኢብራሂም “ወላሂ ይቺ ልጅ ቀለለች፤ አታበያትም እንዴ?” ሲለኝ፣ “እሷ ስትሮጥ ትውላለች፤ አንተ ነህ ተቀምጠህ የወፈርከው” ብዬ ሳቅኩበት። ከሚዛኑ የተረፉትን ሁለት ዳቦዎች ቤት ወስደን በማር በላን። “ቅዱስ አንጦንዮስ ለእኔም አካፈለኝ” አለች። እኔም ደስ አለኝ። ሐኪም ቤት የወሰድኳት በኅዳር ነው።

ኢብራሂምን “ደህና በነበረችበት ልክ አድርግልኝ” አልኩት። አሥራ ዘጠኝ ቆጠረና ቆም አለ። “ስምንት ዓመቷ አይደል? ታድግ ነበር” ብሎ አንድ ጨመረ። በሩ ላይ ግን ምንም አልጫረም።

ዳቦውን በጋቢ ጠቅልዬ በእሷ ማዘያ አዘልኩት። ለበዓሉ ወደ ኮረብታው የሚወጡት ምእመናን እየዘመሩ ቀደሙኝ። ገና ትኩስ ነበርና ሙቀቱ ጀርባዬ ድረስ ዘለቀ። ዳገቱ ላይ ሸክሙ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል፣ “አትተኚ፣ ደርሰናል” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጎረቤቴ ሥራዬ ዞር ብላ አየችኝና አማተበች።

ከኮረብታው ላይ፣ ከቤተ ጸሎቱ ደጅ፣ አባ ዳቦውን ባረኩልኝ። ድሆቹ ተሰለፉ። እኔ አንድ አንድ ስሰጥ ጥቅሉ እየሟሸሸ ሄደ፤ ልክ እሷ መደቧ ላይ እንደ ሆነችው። አሥራ ዘጠኙን ሰጠሁ። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘረጉ። ሃያኛው ዳቦ እየታያቸው “አልቋል” አልኳቸው።

ዳቦው አሁን በጽጌሬዳ መደብ ላይ ነው። ነጠላዋን አልብሼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አነሣዋለሁ፤ እየደረቀ በየቀኑ ይቀላል።

ስእለትዎ በአንድ ዳቦ ጎድሏል። እግርዎ ከቻለ መጥተው ከእጄ ይውሰዱልኝ። እኔ አልቻልኩም።

የጠፋ ያስገኛል የሚባለው ቅዱስ እርስዎን አያሳጣኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ በደጅዎ ሰላም አይጥፋ።

ልጅዎ፣
የጽጌሬዳ እናት