የአራቱ ጥጆች ነገር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ።

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍህ ይድረስልኝ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ፣ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝህ፣ ተሻለህ ወይ? እማዬ እንዴት ናት፣ ዓይኗስ? ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ላሞቹስ? ላሞቹን ከሰው እኩል መጠየቄን አይተህ እንዳትስቅብኝ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰውና ከብት በአንድ ሰላምታ የሚጠሩ ሆነውብኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እጄ ሻክሯል፣ ፀጉሬ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል፣ ከዚህ በቀር ጤናዬ ሙሉ ነው።

ሥልጠናው በዚህ ወር ያልቃል፣ እመጣለሁ ብዬህ ነበር። አልመጣሁም። አንተ ደግሞ መቅረቴን አይተህ ዝም ብለህ እንደማትቀመጥ አውቃለሁ። ወይ «ልጅቷ ባል አግኝታለች» ትላለህ፣ ወይ «ተባርራ መናገር አፍራ ነው» ትላለህ። ስለዚህ ሌላ ሰው ሳይነግርህ እኔው ከሥሩ ልንገርህ። ባልም የለም፣ መባረርም የለም። ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ስታነበው ግን አትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

ስትሸኘኝ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለኸኝ ነበር፤ ምክርህን ከልብሴ ጋር አጣጥፌ ነው ይዤ የገባሁት። ስድስት ሴቶች በምንተኛበት ክፍል ገና ከመጀመሪያው ቀን የቁምሳጥኔ በር ላይ ቀጭን ክር አሥሬ መውጣት ጀመርኩ። ክሩ ከተበጠሰ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተበጥሶ አገኘሁት። ከበላዬ የምትተኛውን፣ በማያስቀው ሁሉ ስለምትስቅ ሳቂታዋ የምንላትን ልጅ ጠረጠርኩ፣ ሦስት ቀንም አኮረፍኳት። በኋላ ነው ክሩን የበጠስኩት ራሴ በጥድፊያ ፎጣ ስመዝ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ይቅርታ መጠየቁን አፍሬ ክሩን በወፍራም ቀየርኩት።

ትምህርቱ ደህና ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ እንማራለን፣ በቀረው ሰዓት በግቢው እርሻ ላይ በተግባር እንሠራለን፤ ማረስ፣ መኖ ማደባለቅ፣ ድርቆሽ ማሠር፣ ማለብ። ሁሉም የየድርሻውን ሲይዝ ለእኔ የደረሰኝ የጥጆቹ ቤት ነው። ስምንት ጥጆች ነበሩ። ከእናታቸው ተለይተው ወተት በባልዲ ነው የሚጠጡት። ጣትህን ወተቱ ውስጥ ነክረህ ታጠባቸዋለህ፤ ጡት እየመሰላቸው ይለምዱታል።

የከብት ቤቱ ነባር ሠራተኛ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት እዚያው ኖረዋል። ላሞቹ ጆሮ ሥር ሲያንሾካሹኩ እንጂ ከሰው ጋር ሲያወሩ አይታዩምና ሠልጣኙ ሁሉ ሹክሹክ ይላቸዋል። ምስክር ወረቀት የላቸውም። ከእኛ መካከል በምዘናው የበለጠው ሠልጣኝ የከብት ቤቱ ተቆጣጣሪ ሆኖ ይቀጠራል፣ ሹክሹክም ከሥሩ ይሆናሉ የሚል ወሬ ነበር። ቦታውን እኔም ተመኝቼዋለሁ፣ አልደብቅህም። ሽማግሌው እኔን ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት በዚሁ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከውጭ ተገዝታ በመጣች አንዲት ቦቃ ጥጃ ነው። በሳምንቷ ተቅማጥ ያዛት። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ጆሮዋ ወደቀ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ሞታ አገኘኋት። የእንስሳት ጤና መምህርታችን ለሌላ ሥራ ሦስት ሳምንት ሄዳ ስለነበር የመኖ መምህሩን ጠርተን አሳየነው። «የአየር ለውጥ ነው» አለን። አየሩ ግን እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሁለት ተከተሉ። ጋሼ፣ ከሰው ይልቅ እነሱን ለምጄ ነበር። አንደኛዋ የቱታዬን ቁልፍ ካልጠባች አትተኛም ነበር፤ እሷም ሄደች። እንግዲህ ይኼ የአየር ሥራ አይደለም፣ የሰው እጅ አለበት አልኩ።

የሰው እጅ መፈለግ ከጀመርክ ደግሞ የማታገኘው የለም። አንድ ማለዳ ከሌሎቹ ቀድሜ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሹክሹክ በርከክ ብለው፣ በዚያ ሰሞን የታመመችውን አራተኛዋን ጥጃ አንገቷን ደግፈው፣ ከፕላስቲክ ጆግ የደፈረሰ ነገር ያጠጧታል። ኮቴዬን ሲሰሙ ጆጉን ጋውናቸው ሥር ሸጎጡት። «ምንድነው አባቴ?» አልኳቸው። «ምንም፣ ውሃ ነው» አሉኝና ዓይኔን ሳያዩ ወጡ። ውሃ ከሆነ ለምን ይሸጎጣል? ገለባው ላይ የፈሰሰውን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበታል። አሸተትኩት፣ አይሸትም። የማይሸት ነገር ከሚሸተው ይልቅ አስፈራኝ።

የዚያኑ ዕለት አቤቱታ ጻፍኩ። «ያልታወቀ ፈሳሽ በድብቅ ሲያጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ፤ ይኼ እውነት ነው። ቀጥዬ «ጥጆቹ የሚሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው» አልኩበት፤ ይኼኛውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አራት ሠልጣኞች ፈረሙልኝ። ሳቂታዋን ስጠይቃት ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳትስቅ «አላየሁም፤ ያላየሁትን አልፈርምም» አለችኝ። እሷንም ከሽማግሌው ጋር ደመርኳት። የኮሌጁ ዲን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ሹክሹክን አስጠሩና ነገሩ እስኪጣራ ወደ ድርቆሽ መጋዘኑ እንዲዛወሩ ነገሯቸው። ሽማግሌው የጥጆቹን ቤት ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እኔም ጥፋቱ ባይኖርባቸው ዝም አይሉም ነበር አልኩ በሆዴ።

አራተኛዋ ጥጃ እሳቸው ሲነሡ መቆም ጀምራ ነበር። በተነሡ በአራተኛው ቀን ሞተች። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ታመሙ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ ሽማግሌው እዚያ ማዶ ድርቆሽ ውስጥ ናቸው፣ በሽታው ግን አልሄደም። ያን ጊዜ እንኳ አእምሮዬ አልተመለሰም፤ ትርፍ ቁልፍ አላቸው ብዬ መስኮቱን ሁሉ መረመርኩ።

መምህርታችን በተመለሰች ማግስት ጥጆቹ ቤት መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብ ሴት ናት። አቤቱታውን አንብባዋለች፤ ግን አላነሳችውም። «እስቲ እንደ ወትሮሽ አጠጪያቸው፣ እኔ እዚህ እቆማለሁ» አለችኝ። ትጋቴን አይታ ልትመሰክርልኝ ነው ብዬ ኮራ አልኩ። ባልዲውን ሞላሁ፣ የደከመ ይቅደም ብዬ መጀመሪያ ወደታመሙት ሁለቱ ገባሁ። ጣቴን አጠባኋቸው፣ አፋቸውን ጠራረግሁ፣ ባልዲውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ወደ ጤነኞቹ ዞርኩ። «እዚያው ቁሚ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጫማሽን እዪው» አለች። አየሁት። «ባልዲውንስ? ጣትሽንስ?»

ከዚያ በኋላ መጨመር አያስፈልጋትም ነበር፣ እሷ ግን ጨመረች። ቦቃዋ ስትመጣ ጀምሮ ታማ ነበር፤ በሽታውን ከእሷ ወደ ሌሎቹ ያደረስኩት በእጄ፣ በባልዲዬና በጫማዬ ነው። በጆጉ የነበረው፣ ሽማግሌውን ጠይቃ እንዳረጋገጠችው፣ ጨውና ስኳር የገባበት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ተቅማጥ የያዘው ጥጃ የሰውነቱ ውሃ አልቆ ነው የሚሞተው፤ ሽማግሌው በየማለዳው ያንን ሲተኩ ነበር። የደበቁት ደግሞ ባለፈው ዓመት ያለ ሙያዎ ሕክምና ሰጡ ተብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስለተጻፈባቸው ነው።

አላመንኳትም ጋሼ። ኮሌጁ ነገሩን በእኔ ላይ ሊያላክክ ነው፣ የራሳቸውን ሰው ሊሸፍኑ ነው አልኩ። ማደሪያ ገብቼ፣ ይኼን መች አስተማርሽን ልላት ደብተሬን ገለጥኩ። አስተምራናለች። በገዛ እጄ ጽፌ፣ በሁለት መስመር አስምሬበት፣ «ጤነኛውን አስቀድም፣ የታመመውን አስከትል፣ ባልዲው ለየብቻ» ይላል። ቀኑን አየሁት፤ ቦቃዋ ከመምጣቷ አሥር ቀን በፊት ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ያም ሆኖ ልቤ አልረጋ ብሎ ራሴ ፈተንኩት። በሩ ላይ የበረኪና ውሃ በሳፋ አስቀመጥኩ፣ ከጤነኞቹ ጀመርኩ፣ ለታመሙት የራሳቸውን ባልዲ ሰጠሁ፣ መምህርታችንም የሽማግሌውን ዓይነት ውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ሁለቱም ዳኑ። በአሥር ቀን ውስጥ አንድም አዲስ አልታመመም። ሙከራው ባይሠራ ደስ ባለኝ ነበር፤ ሠራ።

ዲኑ ዘንድ ሄጄ አቤቱታዬን ልውሰድ አልኳቸው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ «ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል፤ የሚመልሰው ሌላ ወረቀት ነው» አሉኝ። ከፈረሙልኝ አንዱ ሰምቶ «ምን ቆርጦሽ? ዝም በይ፣ ጥጃ ቀርቦ አይመሰክርም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ምዘናውንም ቦታውንም አገኝ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። በማግስቱ ጻፍኩት፣ በስሜ፣ ማንንም ሳላስፈርም። ውጤቱ ይኸው ነው፤ የጥጃ አያያዙን ትምህርት ከሀ እንድጀምር ተወሰነብኝ፣ በዚህ ምክንያት ስድስት ሳምንት ቆየሁብህ። የተቆጣጣሪነቱ ቦታ ለሳቂታዋ ተሰጠ። ስትነግረኝ ሳቀች። በእኔ ነው ወይስ ልማዷ ነው እያልኩ እስካሁን አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

ወደ ድርቆሽ መጋዘኑ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ከበሩ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ሽማግሌው ድርቆሽ እያሠሩ ነበር። «አባቴ፣ በድዬዎታለሁ» አልኳቸው። ገመዱን እያጠበቁ «አውቃለሁ» አሉ። ቋጠሮውን ሲጨርሱ ደግሞ «እኔም ጠርጥሬሽ ነበር» አሉኝ። ማለዳ ቀድመው ይገቡ የነበረው ለጥጆቹ ብቻ አልነበረም፤ እኔንም ለመሰለል ነበር። ከታመመው ወደ ጤነኛው ስሻገር በየቀኑ አይተውኛል። «የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን በስህተት አያደርግም፤ ጥጆቹ አልቀው እኔ እንድባረር ፈልጋ ነው አልኩ» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩኝም?» ብላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። «አንቺስ አንድ ጊዜ ጠይቀሽ ለምን ተውሽው?» አሉ። እኔ ጆጋቸውን ስሰልል፣ እሳቸው ባልዲዬን ሲሰልሉ፣ በመሃላችን ጥጆቹ አለቁ።

አሁን ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ይቅር ብለውኛል አልልህም። ሳጠጣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ስሳሳት «እህ» ይላሉ፣ እኔም እመለሳለሁ። እኔም ብሆን ጆጋቸውን ሳላሸት አላልፍም፤ ያውም እያዩኝ። አሁን ግን አሸትቼ ዝም አልልም፣ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይመልሱልኛል።

ጋሼ፣ አሁን አንድ ነገር ልድፈርህ። ባለፈው ደብዳቤህ ሁለት ጥጃ እንደሞተብህ፣ የአጎታችንን ሚስት መኖው ላይ አንድ ነገር አድርጋለች ብለህ ደጃፍህን እንዳትረግጥ እንዳደረግሃት ጽፈህልኛል። እሷ አይደለችም አልልህም፣ አላየሁም። ግን እስቲ ንገረኝ፣ ጥጆቹን የሚያጠጣው ማነው? ከየትኛው ይጀምራል? ባልዲው ስንት ነው? ስትመልስልኝ እንዳትቆጣ። ጥያቄው ስንት ጥጃ እንዳስከፈለኝ ነግሬሃለሁ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜልሻለሁ በልልኝ፤ የላክሁላትን የዓይን ጠብታ ጠዋትና ማታ ትጨምር እንጂ ሲያማት ብቻ አትጠብቅ። ለሚስትህ፣ ሹራቡ እንደደረሰኝና እንደሞቀኝ ንገራት። ለትልቁ ልጅህ እንዲያነብ፣ ለትንሿ ጣቷን መጥባት እንድትተው፤ እዚህ ጣት የሚጠቡት ጥጆች ብቻ ናቸው በልልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በያሉበት ሰላም በልልኝ። ለአጎታችን ሚስት ያለኝን ሰላምታ ግን በሰው እንዳትልክብኝ። ራስህ ሄደህ በሯን አንኳኩተህ ስጥልኝ። ወዲያው ካልከፈተችልህ አትመለስ፣ ቁምና ጠብቃት።

የምትወድህ እህትህ
ከኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ፣ መጋቢት 11 ቀን