እህቴን አጅበው ወደ ቤቷ ስለመለሱልን

ይድረስ፦ በወረርሽኙ ጊዜ የሰፈራችን ግብረ ኃይል ሰብሳቢ ለነበሩት፣ ዛሬ ደግሞ የወረርሽኙን እርምጃዎች ውጤት ላጠናው ቡድን የበላይ አማካሪ ለሆኑት፣ ለክቡር አቶ ተረፈ
ቡታጅራ
ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የደም ግፊትዎ ተሻለዎት? እኔ የሰፈርዎ በርበሬ ነጋዴ ባሂራ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ለእርስዎም አላህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ የሚበቃ ዕድሜና ትዕግሥት እንዲሰጥዎ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ያስገባሁት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ስለጠፋ፣ ይህኛው እንዳይጠፋብዎ በማሰብ የከተማው ሕዝብ ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልመን። በሽታው ውሸት ነበር ብዬ አልከራከርም። አጎታችን ዑመይር ትንፋሹ ተቆርጦ ሲሞት አይቻለሁ። በጥቂት ሰው ቀበርነው፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም፣ በዚህም አንድ ቀን አላጉረመረምሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እርስዎ ቁጥር ስለሚወዱ በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ በሚያዝያ 2012 ገበያችንን ስለዘጉበት አኳኋን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማስታወቂያ መለጠፍ ይበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን ዱላ የያዙ ወጣቶች ላኩልን። ከመስቃን ገጠር በእግራቸው የመጡትን ሴቶች ጀርባ ጀርባቸውን እየመቱ፣ ጆንያውን በጫማቸው እየቀደዱ በርበሬያችንን በተኑት። አየሩ ቀልቶ ሁላችንም ስንስል፣ አብዝተው የሳሉትን "በሽተኞች ናቸው" ብለው ለይተው በመኪና ወሰዷቸው። እንዲህ ያለ ፈጣን ምርመራ በየትም አገር እንዳልተሠራበት እገምታለሁ።

ታናሽ እህቴ ዛህራ ከእኔ ጎን ነበር የምትሸጠው። ባሏ ከማሉ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ከተጋቡ ጀምሮ እጁን ያነሳባት ነበር፤ ሆኖም እሱ ጠዋት በቡኢ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ እሷም ገበያ ትውላለች፤ ስለዚህ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር የሚገናኙት። እህቴ በሕይወት የኖረችው በዚያ መለያየት ነው። እርስዎ መንገዱንም ገበያውንም በአንድ ሳምንት ሲዘጉ ሁለቱን በአንዲት ክፍል ውስጥ ቆለፏቸው።

ሁለተኛ፣ ስላደሉን የአፍ መሸፈኛ። እጅግ ጠቃሚ ነበር። ዛህራ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ያበጠው አገጯና የተሰነጠቀው ከንፈሯ ከጎረቤት ዓይን ተሸፍኖላታል፤ ለሁለት ሳምንት እኔ የገዛ እህቷ እንኳ አላየሁትም። ከማሉ መሸፈኛውን ሳታደርግ እንዳትወጣ አጥብቆ ያዛት እንደነበር ስነግርዎ፣ መመሪያዎን ከሁሉ በላይ ያከበረ ሰው በመሆኑ ደስ እንደሚልዎ አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ ወደ ቆሼ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላስወጠሩት ገመድ። የረመዳን ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ዛህራ የሁለት ዓመት ልጇን ናጃህን አዝላ፣ ቆሼ እናታችን ዘንድ ለመግባት በእግሯ ወጣች። ገመዱ አጠገብ እርስዎ ራስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። "ጋሼ፣ ባሌ ሊገድለኝ ነው፤ ያሳልፉኝ" አለችዎ። የሚያምኗት ስላልመሰላት መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ ጥርሷ የረገፈበትን አሳየችዎ። እርስዎም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተው "መሸፈኛሽን መልሺ! ርቀትሽን ጠብቂ!" ብለው ጮኹባት። ከዚያም ለደህንነቷ ተጨንቀው፣ ሁለት ሚሊሻ አዝዘው እስከ ቤቷ አስሸኟት። ሚሊሻዎቹም በሩን አንኳኩተው ለከማሉ አስረከቧት። እሱም "ጀዛኩሙላሁ ኸይረን፤ ሴት ልጅ በዚህ ክፉ ጊዜ ብቻዋን መዞር የለባትም" ብሎ አመስግኗቸው በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ግድም ነበር። ጩኸቷን መጀመሪያ የሰማችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናት። እየሮጠች መጥታ "ባሂራ፣ እህትሽን ሊጨርሳት ነው!" አለችኝ። መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። ስደርስ ዘጠኝ ጎረቤቶች በሩ ላይ ነበሩ፤ ጡረተኛው መምህር አቶ ሀብተጊዮርጊስ በትከሻቸው ይገፉታል። ከውስጥ ዛህራ "ልጄን ተዋት! ልጄን ብቻ ተዋት!" ትላለች። አንዱ ማጠፊያ እንደተነቀለ የእርስዎ ፒክአፕ ዱላ የያዙትን ወጣቶች ጭና ደረሰች፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል መሆኑም በድምፅ ማጉያ ተነገረን። አቶ ሀብተጊዮርጊስ "ልጆቼ፣ ሰው እየሞተ ነው!" ቢሏቸው በዱላ ትከሻቸውን መቷቸው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን በፀጉሯ ይዘው ኮረት ላይ ጎተቷት። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ እየመቱ ርቀታችንን አስጠበቁን። ከውስጥ የሚሰማው ጩኸት እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ያን ጊዜ ከወጣቶችዎ አንዱ "ይኸው ዝም አሉ፤ ታርቀዋል። ወደየቤታችሁ ግቡ" አለን።

እኔ በጓሮው እንሰት መሃል ዞሬ የጭቃውን ግድግዳ በመጥረቢያ አፍርሼ ገባሁ። ዛህራ በደም የራሰ ምንጣፍ ላይ ተዘርራለች። ከማሉ በመኪናው የጎማ መፍቻ ብረት ቀኝ እጇን ሁለት ቦታ ሰብሮታል፤ ግራ ዓይኗን አፍስሶታል። ናጃህ አልጋ ሥር ተሸጉጣ ማልቀስ እንኳ ፈርታለች። ብረቱን ወደ እኔ ሲያነሳ በመጥረቢያው ጀርባ ጉልበቱን መታሁት፤ ወደቀ። ደግሜ መታሁት። ሁለተኛው አላስፈለገም ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። በዚያ ቀን መጀመሪያ የታሰርሁት እኔ ነኝ። አስራ አንድ ቀን በአንዲት ጠባብ ክፍል ሠላሳ ሴቶች ሆነን፣ አንዳችን በሌላችን ላይ ተደርበን ከተላላፊ በሽታ ተጠበቅን።

የዛህራን ሕይወት ላተረፉት ሐኪምና ነርሶች የማቀርበው ምስጋና ግን ሽሙጥ የለበትም።

አሁን ወደ ጥናትዎ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ሲፈን የምትባል ወጣት አጥኚ መጠይቅ ይዛ ቤታችን መጣች። የተወሰዱት እርምጃዎች በሕዝቡ ላይ ያስከተሉትን ያልታሰበ ጉዳት ለማወቅ ነው አለችን። ዛህራ ከፍርድ ቤት ውጪ ለአራት ዓመት አፏን ዘግታበት የኖረችውን ነገር ለዚያች ልጅ ነገረቻት። ሲፈን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያም አንስታ ሁሉንም ጻፈችው። ጥናቱ ወልቂጤ ላይ ለውይይት ሲቀርብ እኔም ተጠርቼ ነበር። የዛህራን ቃል ማንበብ ስትጀምር እርስዎ ተነስተው "ይህ የግለሰብ ጉዳይ ነው፤ ጥናት በአሉባልታ አይበላሽም" አሉ። "ክቡር አማካሪ፣ የተመቱት ሰዎች ስም አለኝ" ብትል ማይክሮፎኑ ተዘጋባት። እኔ ብድግ ስል አንድ ጥበቃ ደረቴን በክርኑ ደቁሶ ከአዳራሹ አስወጣኝ። በታተመው ጥራዝ ላይ የሲፈን ሦስት ገጽ የለም። በቦታው "በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድ በኑሮ ጫና ምክንያት መጠነኛ አለመግባባት ተስተውሏል" ይላል። የእህቴ ዓይን እዚያች መስመር ውስጥ ተቀብሯል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልሁ። ከማሉ አስር ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ባለፈው ወር ባስገባው የይቅርታ ማመልከቻ ላይ በማስረጃነት የተያያዘው ያ የእርስዎ ገጽ ነው። ጥፋቱ በወረርሽኙ ጫና የመጣ መጠነኛ አለመግባባት እንደነበር በጥናት ተረጋግጧል ይላል። ይቅርታው ተፈቅዶለታል፤ በጥር ይወጣል። ዛህራ ይህን ስትሰማ "እኔ የተናገርኩት ነው ያስፈታው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ለሚመለከተው አካል፣ ማለትም ለእርስዎ፣ በአክብሮት መርቼዋለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሲፈን የጻፈችው ገጽ እንዳለ ወደ ጥራዙ ይመለስ። የተቀየረውም በእርስዎ ትእዛዝ መሆኑን፣ ይቅርታውን ለፈቀደው ክፍል በፊርማዎ ያሳውቁ። እጅዎ ለፊርማ እንደማይሰስት አውቃለሁ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ሁለቱንም ዓይኖችዎን ጤና ያድርግልዎ።

መቼም የማትረሳዎ፣
ባሂራ፣ የዛህራ እህት

ማሳሰቢያ፦ ዛህራ ከእንግዲህ የትም አትሸሽም። የገበያው ሴቶች ሃያ ሦስት ሆነን ቤቷን ለመጠበቅ ተራ ይዘናል፤ በርበሬ የምንወቅጥበትም ዘነዘና በየእጃችን ነው። ከማሉ ደጇን ከረገጠ የሚደርስበትን ከወዲሁ በጽሑፍ ማሳወቄ፣ በሚቀጥለው ጥናትዎ ላይ "ያልታሰበ" ብለው እንዳያስመዘግቡት ነው። በደንብ አስበንበታል።