ዓሣውን ማን ይብላ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

የመጀመሪያው ክፍያ ያለው ሥራችን ዛሬ ለጥቂት ተረፈ። ወይዘሮ ፍታለሽ ጣና ዳር ላለው ዓሣ ቤታቸው የቪዲዮ ማስታወቂያ አዘውናል። አብሮኝ የሚማረው ከድር ካሜራውን ተከለ፤ ዓሣውም ተጠብሶ ቀረበ። የሚበላ ሰው እንደሌለን የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ሁዳዴ ይዣለሁ፣ እሱ ረመዳን። ሳምንት ሙሉ ስንጽፍ ስንሰርዝ ከርመን ይህ ነገር ለአንዳችንም ትዝ አላለንም!

«ጎርሰሽ ትተፊዋለሽ፤ ማን ያይሻል?» አሉኝ ወይዘሮ ፍታለሽ።

«እርስዎ ለምን አይጎርሱትም?» አልኋቸው።

«እኔማ ጾመኛ ነኝ!»

የገላገለን ከድር ነው። «እስከ መግሪብ ታገሡኝ፤ ሳፈጥር እበላዋለሁ» አለ። ጠበቅን። ፀሐይ በዘጌ በኩል ገባች፤ አዛኑም ተሰማ። ካሜራውን እኔ ያዝሁ። ከድር በቴምርና በውኃ አፈጠረ፤ ሌላ ትኩስ ዓሣ መጣለት። ቆረሰና በእንጀራ ጠቅልሎ፣ እንደ ልማዱ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጋው። እጁ ሌንሱ አጠገብ ሲደርስ ጾሜ ትዝ አለው። ሳቀና መልሶ ራሱ ጎረሰው።

ወይዘሮ ፍታለሽ ቀረጻውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ያችን ጉርሻ ቁረጧት። ሰው ዓሣዬን እንቢ ያለ ይመስላል» አሉ።

ነገ ጠዋት ሄጄ እከራከራቸዋለሁ። ጦሙን የዋለ ሰው የመጀመሪያ ጉርሻውን ለሌላ ሲዘረጋ ከማየት የበለጠ ምን ማስታወቂያ አለ? አልቆርጣትም። ጉርሻዬን ደግሞ ለፋሲካ ከከድር እቀበላለሁ።