ተወገደ ስለተባለው የባለቤቴ ወይን

ለተከበሩ የወረዳችን የንግድ ቁጥጥር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በተለይ ጨጓራዎ ደህና እንዲሆን ጸሎቴ ነው፤ የተበላሸ ነገር በእጁ የሚያልፍ ሰው ሁልጊዜ ያሳስበኛል። እኔ ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ብዙነሽ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ባልደረቦችዎ መጥተው ጊዜው ያለፈበትን ብስኩትና የቲማቲም ድልህ ስለወሰዱልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ያልገቡኝ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፦ ጓዳ ውስጥ፣ ከጆንያ ጀርባ በጎኑ ተኝቶ የነበረ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይንም አብሮ ተወሰደ። ላዩ ላይ 1994 ስለሚል መጠቀሚያ ጊዜው ካለፈ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል ተባልኩ። ዓመቱ ወይኑ የተጠመቀበትና ልጄ ሄኒ የተወለደችበት እንደሆነ፣ ጠርሙሱም ለሽያጭ እንዳልሆነ ብናገር ሰሚ አጣሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወይን ጠማቂ ነበር። ሦስት ዓይነት ወይን በእጁ ቀላቅሎ ያዘጋጀው ነው፤ አንዱ ምላስ የሚይዝ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ መዓዛ የሚሰጥ። በአዲስነታቸው ይጣላሉ፣ ጨለማ ውስጥ ሲቆዩ ይታረቃሉ፣ ያን ጊዜ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል ይለኝ ነበር። ለሄኒ ሠርግ ይከፈታል ብሎ አስተኝቶት፣ እሷ መራመድ ሳትጀምር ሞተ። ሠርጓ እነሆ ከፋሲካ በኋላ ነው። ባልደረባዎ ግን የቆየ ነገር ሁሉ ይበላሻል ብለው አስተማሩኝ፤ እንዲህ ያለ ሊቅ በወረዳችን መኖሩን ባለማወቄ አፈርኩ።

ሁለተኛ፦ ብስኩቱና ድልሁ ፒክአፑ ኋላ ላይ ሲወረወሩ፣ ወይኑ ጋቢና ገብቶ በሰው ጭን ላይ ተቀምጦ ሄደ። ይህን ያየው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሽኩር ነው። መጠጥ በአፉ ዞሮ ስለማያውቅ ሰክሮ ነው ሊሉት አይችሉም። ጠርሙሱ ሊደፋ ሳይሆን ሊከተብ የሚሄድ ሕፃን ይመስል ነበር ብሎኛል።

ሦስተኛ፦ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ፣ ማንም ሳይቀምሰው አፈር ላይ ተደፍቶ ተወግዷል ተባልኩ፤ መንገድ ለመንገድ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ባለፈው እሑድ ደግሞ እርስዎ ራስዎ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጊዜው ስላለፈበት ሸቀጥ ሲያስተምሩን፣ አሮጌ ወይን ሁሉ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ተከፍቶ ትንሽ አየር ካገኘ በኋላ ቅርንፉድና ቆዳ እንደሚሸት፣ ጣዕሙ ምላስ ላይ ቶሎ እንደማይለቅ፣ ከሥሩ አተላ ስላለው ቀስ ተብሎ መቀዳት እንዳለበት አብራሩልን። የጠየቀዎት ሰው አልነበረም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። አፈር ላይ የተደፋ ወይን ይህን ሁሉ ማስተማሩ ገርሞኛል።

ሰው ያለ ማስረጃ አልከስም። መጠርጠር ግን የንግድ ፈቃድ ስለማይጠይቅ፣ በሰፊው እየጠረጠርኩ ነው። ተናድጃለሁም።

ለትጋትዎና ለማይስት አፍንጫዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ብዙነሽ፣ ከቀራንዮ

ማሳሰቢያ፦ ለሄኒ ሠርግ በክብር ተጠርተዋል። አባቷን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። የእጁን ሥራ የቀመሱት እርስዎ ነዎትና፣ ምን ምን እንደሚል ለሙሽራዋ በአፍዎ ይንገሩልኝ።