አጭሩ ከበሮ መቺ

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ያቺ ከልጆቹ አስበልጦ የሚያጥባት መኪናውስ? መንትዮቹ ጥርስ መንቀል ጀመሩ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አጎቴ እኔ ግን ነቅዬ ጨርሻለሁ ብሏል በያቸው። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያስታውቀኛል፤ ሚስቴ ያምናም ከሬዲዮው የኔ ባል ይሻላል እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታስጠይቀኛለች።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሽንኩርት የሚጭነው ቡጀምዓ ነው። ሻይ አፍይለት እንጂ ፊቱን ብዙ አትመልከቺ። ሰውየው ሲፈጠርም ፊቱ እንደዚያ ነው። ለምን አልደወልክም ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ቀልድ አያምርብኝም፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል።

በጸደይ የጻፍሽልኝን አልረሳሁትም። ሐሺሽ በሕግ ተፈቀደም አልተፈቀደም መርዝነቱ አይቀየርም፣ እኔ በምሠራበት የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ገና ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች ከግድግዳ ጋር እያወሩ ይውላሉ፣ ከየትኛው ተራራ እንደመጣላቸው የማልጠይቃቸው መልሱን ስለማውቀው ነው ብለሻል። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ሲስተር። እኔ ማንበብ የተማርኩት ሰርዲን ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ስለሆነ፣ ዓሣ ዓሣ የማይሸት ሐሳብ ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቅርጫት እየጠለፈ ነበር። ድገምልኝ አለኝ፣ ደገምኩለት። ስጨርስ፣ "ጤናዋን አልጻፈችም?" ብቻ ነው ያለኝ።

እሱ ስላልመለሰልሽ እኔ ልመልስልሽ። ተክላችን ክልክል በነበረበት ጊዜ ሁሉ አልጋዎቻችሁ ባዶ ነበሩ? ክልከላው ለእኛ ያተረፈልን መጠቋቆምን ነው። በአጥር የተጣላ ጎረቤት ስምሽን ጽፎ ይልካል። ስሙ የተጻፈ ሰው ከዚያ ወዲያ ከተማ አይወርድም፣ መታወቂያ አያወጣም፣ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። አባትሽ መንጋጋውን በክር አስሮ የነቀለው ሐኪም ንቆ አይደለም። እናንተ ከተሜዎች ሕግ ሲወጣ ክርክሩን በቴሌቪዥን ታያላችሁ፤ እኛ ግን ውሻ በጮኸ ቁጥር ከአልጋ ዘለን ጫካ ስንገባ ነው የኖርነው።

ደግሞ አንቺ ያላነሳሽውን ጉድ ልጨምርልሽ፤ አጎትሽ አድልዎ አያውቅም። ፈቃድ ያለው ሰው የሚዘራው ከውጭ የመጣ ዘር ነው። የድሮው የኛ ዘር ዝናብ ከጣለለት ይበቃው ነበር። ይሄኛው እንደ ከተማ እንግዳ ጠዋትም ውኃ ማታም ውኃ ይላል፤ ምንጫችን ክረምት ሳይርቀው መንጠባጠብ ጀምሯል። ዋጋውን የሚቆርጠውም ተራራችንን በፎቶ እንጂ በእግሩ የማያውቅ ሰው ነው።

የገበሬዎች ማኅበራችን ስብሰባ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ሲደረግ፣ ምርቱን ከሚገዛው ኩባንያ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው መጥቶ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ብዙ ለፈለፍኩ። አባትሽ፣ እሱም እንደ ልማዱ፣ ለመሸሽ እንዲመቸው ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። መጨረሻ ላይ ተነሣ። በስብሰባ ሲናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

"ይህ ሕግ ከኔ ላይ ፍርሃት አንሥቶልኛል፣ አላህ ይስጥልኝ" አለ። "ልጄ ከምትሠራበት ክፍል ግን አንድ አልጋ አላነሣም። ሁለቱንም ጻፉልኝ።"

የኩባንያው ሰው ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለንም ሲል ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አባትሽ ግን ለታችኛው እርከን ብቻ ፈረመና፣ በቀረው መሬት ሁሉ ወይራ ተከለበት። አንተ ሽማግሌ፣ ወይራ እስኪያፈራ ማን ይጠብቅልሃል ብዬ ሳሾፍበት፣ መንትዮቹ ጥርሳቸው ተነቅሎ እስኪበቅል ይደርሳል አለኝ። አንቺን ግን አላነሳም። አኩርፎሽ እንዳይመስልሽ፤ ስምሽን ሲጠራ ድምፁ ስለሚሰበር ነው።

በበጋው ምሕረት ታወጀ፤ በአባትሽ ላይ የነበረው ክስም ቀረ። መታወቂያ ሊያወጣ አብረን ወረድን። ፎቶ አንሺው የጀላቢያህን ቆብ አውልቅ ቢለው አሻፈረኝ አለ፤ ስንት ዘመን ፊቱን የሸፈነበት ነው። አግባብቼ አስወለቅሁት። ከዚያ ስንወጣ አንድ ፖሊስ ወደኛ መጣ። አባትሽ ምንም ሳይባል ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋለት። ለካ ሰውየው ሰዓት ሊጠይቀን ኖሯል። መንገድ ላይ እየደጋገምኩ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፣ እጆቹን ግን እቤት እስክንደርስ ከኪሱ አላወጣም።

ወደ አንቺ፣ ወደ ቴቱዋን የሚሄደው መኪና እዚያው ቆሞ ነበርና፣ ዛሬውኑ ሄደን በሯን እናንኳኳ ብዬ ለመንኩት። አይሆንም አለኝ። ምርቱን ካስረከብኩ በኋላ፣ በሕግ የሠራ እጅ ይዤ ነው የምሄደው፤ ያን ጊዜ ምን ይዘህ መጣህ ብትለኝ የማሳያት አለኝ አለ። አንቺ እጁን እንደማታይ፣ መጀመሪያ ያን የማይለቀውን ሳሉን እንደምታዳምጪ ነገርኩት። ወንድሜ ሲደርቅ ታውቂዋለሽ፤ አንቺም ከሱ ነው የወሰድሽው።

አሁን ደግሞ እንዳትነግራት ብሎ ያስማለኝን ልንገርሽ። ከእንግዲህ የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

እኔን ወይም ተክልህን ምረጥ ስላልሽው፣ በሠርግሽ ቀን ተክሉን መርጦ የቀረ መስሎሽ ስንት ዓመት አኩርፈሻል። ያን ጊዜ የፖሊስ ኬላው ላይ ስሙ ከሚፈለጉት ጋር ተጽፎ ነበር። ቡጀምዓ ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር ደብቆ አመጣው፤ እኔም ነጭ ልብስ አልብሼ፣ ቆቡን እስከ ዓይኑ ስቤ ከበሮ መቺዎቹ መሀል ቀላቀልኩት። የሚያውቀው ምት አንድ ብቻ ነው፤ በክረምት የደረቀውን ተክል ጨርቅ በተወጠረበት ገበቴ ላይ አድርገን የሐሺሹ ዱቄት እስኪወርድ በሁለት በትር የምንመታው። አንቺ ከዙፋንሽ ሆነሽ ጠራሽኝና፣ ያ አጭሩ ከበሮ መቺ ራሴን አዞረው፣ ወይ ቀስ ይበል ወይ ይውጣልኝ አልሽኝ። አደረስኩለት። "እናቷም ስመታ እንዲሁ ነበር የምትቆጣኝ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀስ አደረገው። እስኪነጋ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ያን ቁጣሽን እንደ ምርቃት ነው ሲያወራልኝ የኖረው።

ዘንድሮ ሸለቆው ጸጥ ብሏል። ኩባንያው ተክሉን እንዳለ ጭኖ ስለሚሄድ የሚመታ የለም። የወንድሜ ምት ከሌላው ይለያል፤ እኔ ከቤቴ ሆኜ ዛሬ ደህና ነው፣ ዛሬ ከፍቶታል እል ነበር።

እሱ እንዴት ነው ትዪኛለሽ። ሳሉ ትቶታል። ረቡዕ ምርቱን አስረከበ። ሐሙስ የውኃ ተራው ስለነበር ወይራዎቹን ሊያጠጣ ወጣ። ያምና ምሳ ይዛለት ስትሄድ፣ ቦዩን ከፍቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ዛፍ ተደግፎ አገኘችው። መታወቂያው ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ውኃው ወይራዎቹን አጥግቦ እግሩ ሥር ደርሷል። ያምና ቦዩን ዘግታ እኔን ጠራችኝ። ከዚያ ወዲህ ከእናትሽ አጠገብ ዐርፏል፣ ከበለሱ ሥር።

ነይ፣ ልጄ። መንትዮቹንም አምጪያቸው። ባልሽ ይንዳ፣ አንቺ እንዳትነጂ። ኬላው ተነሥቷል፤ መንገድ ላይ የማንንም ስም የሚጠይቅ የለም። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቶ ብታዪ አትደንግጪ፤ በሩን ከፍተን እየጠበቅንሽ ነው። የእጁን ነገር ደግሞ ገላውን ያጠቡትን ሰዎች ጠይቄያቸዋለሁ፤ ንጹሕ ነው ብለዋል።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ አንቺንም ያጽናሽ።

ያንን ከበሮ መቺ ሠርግሽ ላይ ያመጣው፣
አጎትሽ